ችግኙን የገደለው ጥማት አይደለም

ሰሞኑን ስለ ችግኝ ጣቢያ አያያዝ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለሰሜን ሸዋ ተብሎ የተጻፈ ነው፤ ደብረ ብርሃንን፣ መንዝን፣ ሸዋ ሮቢትንና ምንጃርን በስም ይጠራል። ጸሐፊው ለችግኝ እንደሚቆረቆሩ ያስታውቃል። ምክራቸው ግን እንዳለ ሥራ ላይ ከዋለ ሐምሌ ሲመጣ ባዶ ፖት (ችግኝ የሚፈላበትን ፕላስቲክ) የምንቆጥር ብዙ እንሆናለን።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ይሄን ይላል። ችግኝ በበጋ የሚሞተው ውሃ ስለሚያንሰው ነው፤ ስለዚህ ፖቶች ለተደረደሩበት አንድ 10 ሜትር መደብ ጧት 5 ጀሪካን፣ ማታ 5 ጀሪካን፣ ከፖቱ ሥር እስኪንጠባጠብ ይጠጣ። ውሃ እንዳይተኛ ከፖቱ ሥር ጠጠር ይደረግ። አፈሩ ከደን ይምጣ። ቅጠሉ ቢጫ ካለ በየፖቱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በየ15 ቀኑ ይጨመር። «ዘላቂ አያያዝ» የሚባለው ነገር የአበባ እርሻ ቅንጦት ነው፣ ኮኮፒት (ከኮኮናት ቅርፊት የሚሠራ ማብቀያ) እና ጠብታ መስኖ ለሌለው አይሆንም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ችግኝ ከሞተ ደግሞ ጥፋቱ የውሃ አጠጪዎቹ ስንፍና ነው።

በየተራ እንሂድ።

«ጧትና ማታ፣ እስኪንጠባጠብ»

በበጋ ደርቆ የሚሞት ችግኝ የለም አልልም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት በኋላ ቀን ነፋስና ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ ነው። ግን ከሚሞተው ውስጥ ስንቱ ነው በእውነት በጥማት የሞተው? ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ምላጭ ይበቃል።

የጠወለገ ችግኝ ስታገኙ ውሃ ከማፍሰሳችሁ በፊት ፖቱን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁት። ላዩ ደርቆ ይሆናል። ሁለት ጣት ዝቅ ስትሉ ግን ጭቃ ነው። የታችኛው አፈር ወደ ግራጫ ሄዷል፤ ወደ አፍንጫችሁ ስታስጠጉት የቆመ ቦይ ይሸታል። አንዱን ሥር በሁለት ጣት ይዛችሁ ሳብ አድርጉት። ልጡ ሙልጭ ብሎ ይወጣና ውስጡ ያለው ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። የጤነኛ ሥር ጫፍ ነጭ ነው፤ ቢስቡትም ልጡ አይለቅም። በጥማት የሞተ ሥር ደግሞ ይደርቃል፣ ይሰባበራል እንጂ አይሸትም።

ሥር ይተነፍሳል። በአፈሩ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ውሃ ከሞላው ኦክስጅን አያገኝም። ኦክስጅን ያጣ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ያቆማል። ስለዚህ ችግኙ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። ላየው ሰው የተጠማ ይመስላል። ሠራተኛዋም ጨምሪ ስለተባለች ትጨምራለች። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንየው። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲፈስ የአንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ያህል ነው። ነፋስ ባለበት የበጋ ቀን በችግኝ የተሸፈነ መደብ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውሃ ያጣል ብለን እንያዝ። አንድ ሜትር በ10 ሜትር የሆነ መደብ ስለዚህ ከ40 እስከ 60 ሊትር ይፈልጋል። ሁለት ወይም ሦስት ጀሪካን ማለት ነው። የጸሐፊው ምክር 10 ጀሪካን፣ 200 ሊትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ በየቀኑ! ደብረ ብርሃን በሐምሌ እንኳ በየቀኑ ይህን ያህል አይዘንብባትም።

የተረፈው ከ140 እስከ 160 ሊትር የት ይሄዳል? ወደ ታች። ባዶውን ቢሄድ ባልከፋ ነበር። ከኮምፖስቱና ከዩሪያው የተገኘውን ናይትሮጅን አጥቦ ይዞ ነው የሚሄደው። ውሃው ቦይ ካገኘ ወንዝ ይገባል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ከሆነ ወደ በሬሳ። ከ15 ቀን በኋላ ቅጠሉ ቢጫ ይላል። ያኔ ጸሐፊው ዩሪያ ጨምሩ ይላሉ። የማጠጣቱ ስህተት የማዳበሪያ ስህተት ይወልዳል፤ ሁለቱን ለየብቻ ማየት አይቻልም።

ምን ያህል ውሃ እንደሚባክን ለመለካት አንድ ሃይላንድ ይበቃል። የባለ 2 ሊትሩን ታችኛ ግማሽ ቁረጡና ፖቱን ውስጡ አቁሙት። ፖቱ የሃይላንዱን ወለል እንዳይነካ ከሥሩ ሁለት ድንጋይ አድርጉለት። 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀስ ብላችሁ አጠጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የወረደውን ለኩ። ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከተሰጠው ውሃ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ማለት ነው። ይህቺ ትንሽ ፍሳሽ የተጠራቀመ ጨው ታጥባለች። 100 ሚሊ ሊትር ከወረደ ግን ግማሹን ውሃችሁን ለመሬት እየሰጣችሁ ነው።

«እስኪንጠባጠብ» የሚለውም ምልክት ያታልላል። በተለይ ጥቁር አፈር ላይ። በደብረ ብርሃን ዙሪያም በጅሩም ያለው መረሬ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። ፖት ውስጥ ሲሆን ከፕላስቲኩ ይላቀቅና በጎኑ ክፍተት ይፈጥራል። የምታፈሱት ውሃ በዚያ ክፍተት ሾልኮ ወዲያው ከሥር ይወጣል። ከሥር ይንጠባጠባል፣ መሃሉ ግን እንደደረቀ ነው። ስለዚህ መንጠባጠቡ አንዳንዴ የጥጋብ ምልክት ነው፣ አንዳንዴ የጥማት። ምን ዋጋ አለው ታዲያ?

መፍትሔው ውሃውን ከፋፍሎ መስጠት ነው። መጀመሪያ ትንሽ አጠጡ። ሌላውን መደብ አዳርሳችሁ ተመለሱ። ያኔ አፈሩ ርሶ አብጧል፣ ክፍተቱ ተዘግቷል፤ ሁለተኛው ውሃ ይገባል። ካስፈለገ ሦስተኛ። ያው ውሃ፣ ያው ጉልበት፣ ግን ፖቱ ውስጥ ይቀራል።

መቼ ይጠጣ ለሚለው ደግሞ ሚዛን ከሰዓት ይሻላል። ከመደቡ ጠርዝም ከመሃልም ጥቂት ፖቶች ምረጡና በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉባቸው። አጥግባችሁ አጠጡና ውሃው ከወረደ በኋላ መዝኑ። 8 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፖት አንድ ኪሎ ቢመጣ፣ 900 ግራም አካባቢ ሲደርስ ማጠጣት ነው። ቁጥሩ እንደ አፈሩ ቅልቅል ይለያያል፤ የራሳችሁን አውጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጃችሁ ራሱ ሚዛን ይሆናል።

ማታ ማጠጣትን በተመለከተ፣ ደጋ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ቅጠል አርጥቦ ማሳደር ጥሩ አይደለም። ገና የበቀሉ ጨቅላ ችግኞችን ከአፈሩ አፍ ላይ አበስብሶ የሚጥለው ፈንገስ እርጥበትን ይወዳል። ጧት፣ ውርጩ ለቀቅ ሲያደርግ ይሻላል። ሸዋ ሮቢት ሌላ ነገር ነው። እዚያ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት በቀን ሁለቴ ማጠጣት ሊያስፈልግ ይችላል። መደቡንም ከመሬት ዝቅ አድርጎ መሥራት እዚያ ያዋጣል፣ ደጋ ላይ ግን ውሃ ያቁራል። ለመንዝና ለሮቢት አንድ ዓይነት የውሃ ፕሮግራም መጻፍ በራሱ ስህተት ነው።

«ከሥሩ ጠጠር ይደረግ»

ይህን የሚያምነው ጸሐፊው ብቻ አይደሉም። የቤት አበባ ያለው ሁሉ ያደርገዋል። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ አጥግቡና መዳፋችሁ ላይ አጋድማችሁ ያዙት። መንጠባጠቡን ሲያቆም በረጅም ጎኑ አቁሙት። እንደገና ይንጠባጠባል። ውሃው ያው ነው፣ ስፖንጁ ያው ነው፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው።

ፖትም እንደዚያው ነው። ደቃቅ ክፍተቶች ውሃውን ስለሚይዙት፣ ከታች በኩል ሁልጊዜ የማይወርድ ውሃ የያዘ ንብርብር ይቀራል። ፖቱ ባጠረ ቁጥር ይህ ንብርብር የሚይዘው ድርሻ ይበዛል። ጠጠር ስታስገቡ ውሃው ከደቃቁ አፈር ወደ ጠጠሩ ለመዝለል መጀመሪያ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር መጥገብ አለበት። ስለዚህ ጭቃው አይጠፋም፣ ወደ ላይ ከፍ ይላል። ወደ ሥሩ ተጠጋ ማለት ነው። ቀድሞውኑ አጭር የሆነውን ፖት የባሰ አሳጠራችሁት።

ከጠጠር ይልቅ የፖቱን መቀመጫ አስተካክሉ። ፖቱ ጭቃ ላይ ከቆመ ቀዳዳው ይደፈናል። በሽቦ ወይም በቀርከሃ ርብራብ ላይ ከፍ ካለ ግን ከሥሩ አየር ያገኛል። ትርፍም አለው፤ ከፖቱ የወጣ ሥር አየር ሲነካው ጫፉ ይደርቃል፣ ውስጥ ያሉት ቅርንጫፍ ሥሮች ይበዛሉ። ሥር ለመግረዝ በየጊዜው ፖት እያነሱ መቁረጥም ይቀንሳል።

«አፈሩ ከደን ይምጣ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በብዙ ጣቢያዎች የሚሠራበት ቅልቅል 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የደን አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። ጸሐፊውም ይህንኑ ነው የደገሙት። ለጥቂት ፖት ማንም አይጎዳም። ብዛቱን ግን አስቡት። 8 በ15 ፖት ሦስት ሩብ ሊትር አፈር ይይዛል። ለ100,000 ፖት 75 ሜትር ኩብ አፈር ያስፈልጋል። ከዚያ ሲሶው የደን አፈር ከሆነ 25 ሜትር ኩብ ነው። ለም የሆነውን የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንግፈፍ ብንል 500 ካሬ ሜትር ደን ራቁቱን ይቀራል። አረንጓዴ ዐሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 100,000 ችግኝ ትልቅ ቁጥር መሆኑ ቀርቷል።

በእኛ ዞን እንዲህ ያለ አፈር የት አለ? በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ያለው ወፍ ዋሻ ነው መጀመሪያ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው እዚያ ራሱ ዘሩን ጥሎ ይበቅላል። የላይኛው አፈር ሲዛቅ ያ ዘርና ቡቃያ አብሮ ይሄዳል። ችግኝ ለማፍላት ብሎ የበቀለ ችግኝ መዛቅ እንግዲህ ምን ይባላል። ለጣቢያውም ቢሆን አረም፣ ነፍሳትና የሥር በሽታ ይዞ ይመጣል።

ጸሐፊው የደን አፈር «የራሱ ሕይወት አለው» ያሉት ግን እውነት ነው። እንደ ፓቱላ ያሉ የፓይን ዝርያዎች ከሥራቸው ጋር ተባብሮ የሚኖረውን ፈንገስ ካላገኙ ቀጭጨው ይቀራሉ። ለዚህ ግን ሲሶ አያስፈልግም። ከዚያው ዓይነት ዛፍ ሥር የተወሰደ ጥቂት አፈር ከቅልቅሉ ጋር ቢደባለቅ ይበቃል።

የደን አፈሩን በምን እንተካው? ፍግ በሉ ማለት ቀላል ነው። በደብረ ብርሃንና በመንዝ ግን ፍግ ኩበት ነው። ኩበት ደግሞ ማገዶ ነው፣ ገበያም ይወጣል። የምድጃውን ፍግ ለችግኝ ስጡ ብሎ መጻፍ የደጋውን ኑሮ አለማወቅ ነው። ጭዱም የከብት ነው። ስለዚህ ሌላ የማይፈልገውን ነገር መፈለግ አለብን።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ገራባ አለ። ጫት ተቅሞ የሚጣለው ቅጠልና እንጨት ማለቴ ነው፤ ደቆ ከአትክልት ጥራጊ ጋር ከተከመረ ደህና ኮምፖስት ይወጣዋል። ከገበያ የሚጣለው ጎመንና የሽንኩርት ገለባም አለ። ምንጃር ላይ ላለ ሰው የመተሐራና የወንጂ የሸንኮራ ገለፈት ሩቅ አይደለም።

ደብረ ብርሃን ላይ የእንጨት ቤቶቹ የሚጥሉት ሰጋቱራ አለ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ትኩስ ሰጋቱራ እንዳለ ፖት ውስጥ ከገባ ችግኙን ያስርባል። ሰጋቱራ ካርቦኑ ብዙ፣ ናይትሮጅኑ ኢምንት ነው። የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከችግኙ ድርሻ ይወስዳሉ። የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ ከሆነ ደግሞ በራሱ ሥር የሚጎዳ ነገር አለው። ስለዚህ ከፍግ ወይም ከጥቂት ዩሪያ ጋር ተደባልቆ፣ እርጥበቱ ተጠብቆ፣ እየተገላበጠ ለወራት ይከመር። ሲሞቅ ሰንብቶ ሲቀዘቅዝና የእንጨት ሽታው ጠፍቶ አፈር አፈር ሲል ደርሷል። የቺፑድና የኤምዲኤፍ ብናኝ ግን በጭራሽ፤ ሙጫ አለው።

አሸዋውም ይታይ። ከወንዝ የሚመጣ ደቃቅ አሸዋ ከጥቁር አፈር ጋር ሲገናኝ የቀረችውን ክፍተት ይደፍናል። አፈሩ ይላላል ብለን ያስገባነው ነገር ያጠብቀዋል። ለብሎኬት የሚያመጡት ፑሚስና ሬድ አሽ የሚባሉት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ይሻላሉ። ከደብረ ዘይትና ከናዝሬት በኩል የሚጫን ነው፤ በወንፊት ተነፍቶ ዱቄቱ ይጣልና የአተርና የባቄላ ፍሬ የሚያህለው ይወሰድ። ለደጋው እኔ የምመርጠው 2 እጅ የደረሰ ኮምፖስት፣ 1 እጅ ቀለል ያለ አፈር፣ 1 እጅ ሬድ አሽ ነው። መረሬ ብቻ ካላችሁ አፈሩን ቀንሱ፣ አሹን ጨምሩ። የምድጃ አመድ በብዛት አትጨምሩ፤ የአፈሩን አልካላይነት (የኮምጣጣነት ተቃራኒውን) ያሳድጋል፣ ብረትን ለችግኙ ይሰውርበታል።

ቅልቅሉ መተንፈሱን እንዲህ ፈትኑት። የሃይላንድ ላዩን ቆርጣችሁ የፖታችሁን ቁመት ያህል አስቀሩ። ሥሩን ብሱና በማስቲካ ድፈኑት። አንድ ሊትር ቅልቅል ሙሉና ውሃው ላዩ ላይ እስኪታይ ቀስ እያላችሁ አጠጡ። ጥቂት ጠብቁና ድፋኑን ክፈቱ። የሚወርደው ውሃ አየር የሚይዘውን ቦታ ይነግራችኋል። ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ከወረደ ቅልቅሉ ደህና ነው። 50 ብቻ ከሆነ ምንም ያህል ለም ቢሆን ሥር ያፍናል። ይህን ሙከራ ፖት ከመሙላታችሁ በፊት ነው ማድረግ። ከተሞላ በኋላ ውሃ በመቀነስ ብቻ የሚስተካከል ነገር የለም።

«ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ»

ግማሽ የሻይ ማንኪያ 2 ግራም ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። የ8 ሴንቲ ሜትር ፖት አፍ ግን 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ ሄክታር ቢመነዘር ስንት ይሆናል? 40 ኩንታል! ገበሬው ለሄክታር አንድ ወይም ሁለት ኩንታል ሲበትን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እኛ ችግኝ ላይ 40 እንድንጨምር ተመከርን። ያውም በየ15 ቀኑ። 1,400 ፖት ለሚይዝ አንድ መደብ በአንድ ጊዜ 2.8 ኪሎ ዩሪያ መሆኑ ነው። በዚህ መጠን ዩሪያው ራሱ ከሥሩ ውሃ ይስባል፣ የሚወጣው አሞኒያም ያቃጥላል። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ደግሞ «ተጠምቷል» ይባላል። ይኸው ወደ ጀሪካኑ ተመለስን።

ዩሪያ መስጠት ካስፈለገ በውሃ ይሟሟ። በ20 ሊትር ጀሪካን ያልተከመረ አንድ የሻይ ማንኪያ ለትንንሾቹ፣ ጠንከር ላሉት ሁለት። በሳምንት አንዴ፣ በማጠጫው ቀን። ከዚያ ቅጠሉን በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ ማድረግ። ፎስፈረስ ከሆነ ፖት ሲሞላ ነው የሚገባው። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌት፣ 7 በመቶ ሰልፈር አለው። ለአንድ ሜትር ኩብ ቅልቅል 1 ኪሎ ያህል ይበቃል፤ 60 ሊትር ለሚይዝ የእጅ ጋሪ አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ ነው። በደንብ ይደባለቅ።

ከዚያ በፊት ግን ቢጫውን አንብቡት። የታችኛው፣ ያረጀው ቅጠል ነው ቢጫ ያለው? ናይትሮጅን ሊሆን ይችላል። አዲሱ ቅጠል ነው፣ ያውም ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ? ብረት አልደረሰውም። አፈሩ ውሃ አቁሯል፣ ወይም አልካላይነቱ ከፍ ብሏል። የምታጠጡት የጉድጓድ ውሃ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ ጥርጣሬው ይጨምራል። በዚህ ላይ ዩሪያ መጨመር ምንም አያመጣም።

ለተከላ ከአንድ ወር በላይ ሲቀረው ደግሞ ዩሪያው ይቁም፣ ጥላው ይነሳ፣ ውሃው ይቀንስ። ጸሐፊው መኪና ላይ እስኪጫን አጠጡ ማለታቸው የሰነፈ ለምለም ችግኝ ተራራ ላይ መስደድ ነው።

«ቅንጦት ነው»

ኮኮፒት ውድ ነው፣ በዶላር ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜም ጨው ስላለው ታጥቦ ነው ጥቅም ላይ የሚውለው። በዚህ እስማማለሁ። ቀስ እያለ የሚለቀቀው ማዳበሪያም እንዲሁ። እሱ በሙቀት ስለሚለቀቅ ሮቢት ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ይዘገያል፤ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ወር ማመን አይቻልም። ጠብታ መስኖም ለ1,400 ትንንሽ ፖት አይመችም። ወንፊት ያለው ማጠጫ ይበቃል።

ግን እነዚህ ባይኖሩ ዘላቂ አያያዝ አይኖርም ያለው ማን ነው? እስካሁን የዘረዘርኳቸው ሃይላንድ፣ ምላጭ፣ የጥፍር ቀለም፣ የሻይ ማንኪያና የኩሽና ሚዛን ናቸው።

ውሃው ራሱ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ጣሪያ እዩ። ደብረ ብርሃን በዓመት ወደ 900 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 72,000 ሊትር ይሰበስባል። ሮቶ አይችለውም፤ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) የተነጠፈበትና የተሸፈነ ጉድጓድ ያስፈልጋል፣ ወጪ አለው። ግን በቀን 50 ሊትር ለሚጠጣ መደብ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት 9,000 ሊትር ይበቃዋል። ያ ውሃ 8 መደብ ያሻግራል። በጸሐፊው ልክ በቀን 200 ሊትር ካፈሰስን ግን 2 መደብ ብቻ። ውድ የሆነው የትኛው ነው?

«የሠራተኛ ስንፍና»

ይሄኛው አበሳጨኝ። በአብዛኞቹ ጣቢያዎች ውሃ የምታጠጣው ሴት ናት። ወንዙ ወይም ቧንቧው ከመደቡ ራቅ ያለ ነው። አንድ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። በጽሑፉ ምክር ለአንድ መደብ በቀን 200 ኪሎ ተሸክማ፣ ለአሥር መደብ ሁለት ቶን ተሸክማ፣ ችግኙ ሲበሰብስ ሰነፍ ትባላለች።

የማውቀው አንድ ጣቢያ ውስጥ ተቆጣጣሪው ጧት ሲዞር የሚያየው የመደቡን መንገድ ብቻ ነበር። ጭቃ ከሆነ ተጠጥቷል፣ ደረቅ ከሆነ አልተጠጣም። አንዷ ሠራተኛ ፖቱን በእጇ አንስታ «ይሄ ገና ከባድ ነው፣ ዛሬ አይፈልግም» ብላ አንድ መደብ ዘለለች። የቀን ሒሳቧ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ማን ይዘላል? ሁሉም መንገዱን ማርጠብ ጀመረ።

አጠጪዋ ፖት አንስታ መዝና የመወሰን ሥልጣን ይኑራት፤ የምትከፈለውም ባፈሰሰችው ጀሪካን ሳይሆን ለተከላ በደረሰው ችግኝ ይሁን። ጸሐፊው በዚህ ካልተስማሙ መልሳቸውን እጠብቃለሁ። ሲጽፉ ግን የተጠቀሙበትን ፖት ቁመት፣ የቅልቅሉን መጠንና ከ200 ሚሊ ሊትር ስንቱ እንደወረደላቸው ይግለጹልን፤ የደጋውንና የቆላውንም ለየብቻ።